ባትሪው ሲያልቅ

ቀስ በል ልጄ፣ የዚያ መሰላል አንዱ እርከን ይንቀሳቀሳል… እኔ ይዤልሃለሁ፣ አይዞህ። ክብደቴ ለሌላ ነገር ባይጠቅም መሰላል ለመያዝ ይበቃል። ዛሬ ነፋሱ ደስ ይላል፣ አይደል? ትናንትም እንዲህ ቢነፍስ ኖሮ ያጠብኩት አንሶላ ሁሉ ይደርቅልኝ ነበር። ሻይህን የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌልሃለሁ፤ ከግድግዳው የሚረግፈው አቧራ እንዳይገባበት ሳህን ከድኜበታለሁ። መስኮቱን ግን አልዘጋውም፣ ሳሎኑ ይታፈናል። ውስጥ ያለው የእህቴ ልጅ ስልክ እያወራ ነው። የሥራ ስልክ ደግሞ አየር ይፈልጋል።

አይ፣ አንተ አትመልስልኝ። ብሎኑን በከንፈርህ ይዘህ ነው የምትሠራው፤ ብትውጠው ማን ይጠየቃል? አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ አወራለሁ። መልስ የሌለው ወሬ ለምጃለሁ። እህቴ በአንድ ጆሮዋ መስማት ካቆመች ቆይታለች፤ በየጠዋቱ ከማዶ ቤቴ ተሻግሬ ስመጣ ከማወራላት ግማሹ ግድግዳው ላይ ነው የሚቀረው። አሁን ጓዳ ገብታ ልብሷን እየቀየረች ነው። ያንን ጥሩ ቀሚሷን ልትለብስ ነው፣ ከአንገቱ ሥር ጥልፍ ያለውን። ለማን አትበለኝ… ለካሜራው ይሆናላ። አዲስ ካሜራ ፊት በአሮጌ ልብስ ይቆማል?

ጠዋት ስታስረዳን ሰምቼሃለሁ። በደንብ ነው ያስረዳኸን። ገመድ ያለው አይተኛም አልክ፤ መስመሩ እስካልተቆረጠ ሌት ተቀን ያያል፣ መብራት ቢጠፋ መጠባበቂያ አለው፣ ያየውንም አንድ ሳይጥል መቅጃ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ባትሪ ያለው ግን ያንቀላፋል። ፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያገኝ ብቻ ብንን ይላል፣ ጥቂት ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ታዲያ እንደ ሰው ነዋ፣ አልኩ በሆዴ። ካልተንቀሳቀሱለት የማይነቃ ስንት አለ አይደል?… ማንንም ማለቴ አይደለም። ስለ ዕቃ ነው የማወራው።

ለልጄ ስነግር ምራቴ ትስማ የሚሉት ዓይነት ሴት አይደለሁም እኔ። በምን አቅሜ? ልጅም ምራትም የለኝ። ያለችኝ አንድ እህት ናት፤ እሷም አንድ ብቻ ወለደች። አንድ ሲሆን ደግሞ እንደ ዓይን ብሌን ነው የሚያዩት። እሷ እንደ ዓይኗ አየችው፤ እሱም ወግ ደርሶት ዓይን ላከላት። በሩ ላይ ሰቀለላት። ብድር መላሽ ልጅ ማለት እንዲህ ነው።

የተባረከ ልጅ ነው። ሥራውን ብታውቅለት ትገረማለህ። ትልቅ መጋዘን ነው የሚቆጣጠረው፤ እዚያ አንዲት ካርቶን ከመደርደሪያዋ ፈቀቅ ብትል ያውቃል። ባለፈው እዚሁ ምሳ ላይ እያለን፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወንበር ላይ ሸለብ ሲያደርገው በስልኩ አየውና ደውሎ ቀሰቀሰው። እናቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከዚህ ሆነህ እዚያ ያለውን ታያለህ?» አለችው። «አዎ እማዬ» አላት፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። እውነቱን ነው። ከዚህ ሆኖ እዚያ ያለውን ያያል፤ ከዚያ ሆኖም እዚህ ያለውን ያያል። ከዚህ ሆኖ እዚህ ያለውን ማየት ግን… እሱ እንግዲህ ሌላ ሙያ ነው። ሁሉ ለአንድ ሰው አይሰጥም።

ግራውን እግርህን ትንሽ ሳብ አድርገው። እንዲያ።

ይሄ ባትሪ ያለው፣ አሁን ፈትተህ ያወረድከው፣ የመጣው የጎረቤታችን የፋርማሲስቷ ብስክሌት ከደጃፏ በጠፋ ሳምንት ነው። እህቴ ብስክሌት የላትም። ቢሆንም ልጅ ይሰጋል። ሣጥኑን በብብቱ ይዞ መጣ። ግድግዳ አይበሳ፣ አቧራ አይነሳ፣ ገመድ አይጎተት አለ። ሁለት ብሎን አሰረ፣ ስልኩ ላይ ምኑን ምኑን ነካካ፣ አለቀ። የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሰቅሎት ሄደ። ሻዩንማ እኔ ነኝ የጠጣሁት። ትኩስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሱም ተገላገለ፣ እኛም ተገላገልን። በፊት በየእሑዱ ይደውል ነበር፤ እንደምን አደርሽ፣ ወገብሽ እንዴት ነው፣ መድኃኒቱን ወሰድሽ ወይ፣ እያለ። ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ መደወል ምን ያደርጋል? ያያታል እኮ። ቆማ የምትሄድን ሴት እያዩ ደህና ነሽ ወይ ማለት ወሬ ማብዛት ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላሉ የጥንት ሰዎች። እሱ ግን ብልህ ነው፣ ከዓይኑ አላራቃትም። ታዲያ ከዓይን ሳይርቅ ከየት ከየት ሊርቅ ይችላል ልትለኝ ነው?… እኔ ምን አውቄ። ያልተማርኩ ሰው ነኝ።

ዘመድ ከዘመዱ፣ ስልክ ከገመዱ።

ይህን ጊዜ ነው እንግዲህ ባትሪው ያለቀው። ስልኩ ላይ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ኃይል እየጨረሰ ነው የሚል። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በማግሥቱ በር ላይ ቆሟል። ወገቧን ይዟት የተኛች ሰሞን መምጣት ያልቻለው ልጅ… አይ፣ ያን ጊዜ ሥራ ነበረው። ቆጠራ ነበር መጋዘኑ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማጣመም አልወድም። ባትሪው ያለቀ ዕለት ደግሞ ሥራ አልነበረውም፣ በቃ። ዕድል ነው።

ያ ካሜራ ደግሞ ልማዱን ታውቀዋለህ፤ ተፈትቶ ነው ቻርጅ የሚደረገው፣ ሲሞላም ቶሎ አይሞላ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ታዲያ ምን ያድርግ? ሶኬቱ ላይ ሰካውና ተቀመጠ። ምሳ በላ። የልጅነቱን ፎቶዎች አየ፤ «ይሄ እኔ ነኝ?» እያለ ሳቀ። ጫማውን አወለቀ፣ ሶፋው ላይ ጋደም አለ፣ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ስገባ እህቴ በርጩማ ስባ ራስጌው ተቀምጣለች፤ የሚሰማውን ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ ሲተነፍስ ታዳምጣለች። ልናገር ስል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ቻርጁ ሞልቶ አረንጓዴዋ መብራት በርታ ኖሮ፣ ሄዳ ፎጣ ጣል አደረገችባት። ብርሃኗ እንዳይቀሰቅሰው ብላ ይሆናል።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ወራት ይቆያል ይላል። እዚህ ቤት ግን ወር ሳይሞላ ድርግም። እሱም ይመጣል፣ ይፈታል፣ ይሰካል፣ ይቀመጣል። ይበሳጫል እንጂ ይመጣል። ሰው ግን ጠርጣራ ነው፣ በተለይ ተቆጣጣሪ ሰው። መጀመሪያ ድመቷን ጠረጠረ፤ ማታ ማታ እያለፈች ትቀሰቅሰዋለች አለ። ድመቷን ለሰው ሰጠናት። ያው ሆነ። ቀጥሎ ዛፉን ጠረጠረ። እያት፣ ያቺ ጉጥ የሆነችው ቅርንጫፍ ነበረች፤ በነፋስ ትወዛወዛለች፣ ካሜራውን በከንቱ ታባንነዋለች ብሎ አስቆረጣት። ከሰዓት በኋላ ጥላ የምትጥለው እሷ ነበረች። እህቴ ወንበሯን የምታወጣው እዚያ ሥር ነበር። አሁን ወንበሩ ቤት ገብቷል። ባትሪው ግን ማለቁን አልተወም። ምን ይደረግ፣ ለደህንነቷ ብሎ እኮ ነው። ልጅ ካሰበ አይቀር እስከ ቅርንጫፉ ድረስ ነው የሚያስበው።

ከዚያ ሶላር አመጣ። ይሄ ጎበዝ ነው፣ ከፀሐይ እየቀዳ ራሱን ይሞላል፣ ከእንግዲህ መሰላል መውጣት ቀረ አለ። ሰቀለው። እህቴ አየችው፣ አመሰገነችው፣ መረቀችው። በማግሥቱ ስመጣ ሶላሩ ላይ ፎጣ ተሰጥቷል። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብስ። «ሌላ ማስጫ ጠፍቶ ነው?» ብላት፣ «ፀሐይ ያለው እዚህ ነው» አለችኝ። ልትከራከራት ትችላለህ? ሶላሩንም እዚያ ያሰሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

መሰርሰሪያውን አቁመሃል እንዴ? አይ፣ ቀጥል ቀጥል። ሲጮህ እኔም ጮክ እላለሁ፣ ምንም አይደል።

በመጨረሻ ምን አደረገ መሰለህ። እሱ መረጃ ይወዳል፤ ያለ መረጃ ትንፍሽ አይልም። ቁጭ ብሎ የተቀዳውን ሁሉ አየው። እንግዲህ በዕውቀት የሚሠራ ሰው እንዲህ ነው። ምን አየ? እናቱ ውኃ በጆግ ይዛ ትወጣለች፣ የበሩ ጥግ ያለውን አበባ ታጠጣለች፣ ትገባለች። ደግሞ ትወጣለች፣ ያንኑ አበባ ታጠጣለች፣ ትገባለች። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማምሻውንም። ጆጉ ባዶ ሆኖ ጠብታ ሳይወጣው ዘንበል ታደርጋለች። ደረጃው ላይ ጉልበቷን ይዛ ስትቆም አየ። ተመልሳ ስትወርድ አየ። እዚያው ከካሜራው ሥር ወዲህ ወዲያ ስትመላለስ፣ ቀና ብላ የካሜራውን መስተዋት ስታይ፣ ሻሿን ስታስተካክል፣ ፈገግ ስትል… ይሄ ሁሉ ፊት ለፊቱ ነበረ፣ ጥርት ብሎ። ጥራቱን ራሱ አመስግኖልኛል።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ነበር ድሮ። አሁን ካሜራ አይቶ ስልክ ይፈርዳል። ፍርዱም ወጣ፤ «እማዬ መርሳት ጀምራለች።»

ልጅ ነውና ደነገጠ። ዝም አላለም፣ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ይሄንንም ላመሰግንለት ይገባል፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሄጃለሁ። ሐኪሟ ጨዋ ልጅ ናት። የት ነው ያለነው፣ ይሄ ምን ይባላል፣ ከመቶ ወደ ታች ቁጠሪ፣ እያለች ጠየቀቻት። እህቴ አንዱንም አልሳተችም። «ዛሬስ ቀኑ ማን ነው?» ስትላት ቀኑን ነገረቻትና፣ «ልጄ ያለ ባትሪ የመጣበት ቀን ነው» አለች። ሐኪሟ ምን ይግባት፣ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ልጅየው? ልጅየው ኮሪደር ላይ ነበር፣ ስልክ ላይ። መጋዘኑ አንድ ነገር ተንቀሳቅሶ ነበር መሰለኝ።

አበባው እንግዲህ ከሥሩ በስብሶ ሞተ። አየኸው አይደል፣ ባዶ ማሰሮው እዚያ ቆሟል? በውኃ ብዛት ነው የሞተው። ቤት ውስጥ አንዱ ሲጠማ ሌላው ሰጥሞ ይሞታል።

አሁን የምነግርህን ለማንም አትንገር። ወይም ንገር፣ እንደ ወደድክ። ከሐኪሟ ዘንድ የተመለስን ዕለት እግሯን በሙቅ ውኃ ሳሽላት ጉልበቷ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። «ምን ያመላልስሻል፣ ሰው እንደ ሰዓት ቆጣሪ በር ላይ ይመላለሳል?» ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ እያየችኝ፣ «ሲያልቅ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። መጨመርስ ምን ያስፈልጋል? ካሜራው ሰው ባለፈ ቁጥር ይነቃል፣ በነቃ ቁጥር ባትሪውን ይበላል። ይሄንን ማንም አላስረዳትም። ራሷ ነው የደረሰችበት፣ መርሳት የጀመረችው ሴትዮ።

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ለልጄ እንዳትነግሪው፣ ያፍራል» አለችኝ። አስማለችኝም። እኔም ማልኩ። በመሐላዬ ደግሞ አልጫወትም፤ ለሱ አንድ ቃል አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ምሳ በልቻለሁ፣ ትንፍሽ አላልኩም። አሁንም የምነግረው ላንተ ነው። አንተ የኛ ዘመድ አይደለህም፣ የሷም ልጅ አይደለህም። መሰላል የያዘች አሮጊት ለመሰላል ወጪው ብታወራ ከመሐላ ይቆጠራል?… ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። መስኮት ግን ለማን ባዳ እንደሆነ የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

ውስጥ ዝም አለ፣ ሰማኸው? ስልኩ ተቋረጠ መሰለኝ። ኔትወርኩ ይሆናል። እዚህ ሰፈር መሰማት ያለበት ነገር ሲጀመር ነው የሚቋረጠው።

እና እንዲህ ሆኖ ነው አንተ የተጠራኸው። ለምትረሳ እናት የሚተኛ ካሜራ አይሆንም፤ ገመድ ያለው፣ ሌት ተቀን የሚያይ ይሁን ተባለ። ማን ይቃወማል? እኔ ራሴ ፍርድ ስጪ ብባል ለገመዱ ነው የምሰጠው። ለሌባ እንደሆነ ገመድ ይሻላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያ ባትሪያሙ ሰው አልፎ ጀርባው ሲታይ ነበር የሚነቃው። የፖስተኛውን ፊት አንድ ቀን ይዞት አያውቅም። ይሄኛው ከግቢው በር ጀምሮ ይይዘዋል። አቧራው ለአንድ ቀን ነው፣ እጠርገዋለሁ። ቀዳዳውም በልስን ይደፈናል። የሚደፈነውን ሁሉ እንደፍናለን፣ የማይደፈነውን…

ጠዋት እህቴ ቀስ ብላ መጥታ ምን እንደጠየቀችህ አስታወስክ? መሣሪያህን ስትዘረጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሚስጥር እንደሚጠይቅ ሰው። «ይሄኛውስ መቼ መቼ ነው የሚያልቅበት?» አለችህ። አንተም ሙያህን የምትወድ ሰው ነህ፣ ደረትህን ነፍተህ፣ «አያልቅበትም እማማ፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ ከእንግዲህ ማንም መመላለስ የለበትም» አልካት። አልወቅስህም፤ ገዢ ሁሉ የሚፈልገው መልስ ነው። ፊቷን አይተኸዋል? አላየኸውም፣ ብሎን ትለይ ነበር። እሱም አላየውም፣ ሣጥኑ ላይ ያለውን ያነብ ነበር። «ጎሽ» አለች፤ ቀስ ብላ ጓዳ ገባች፤ ሣጥኗን ከፍታ ጥልፉን ቀሚስ አወጣች። ዛሬ ብቻ ነው የቀረኝ ብላ ይሆናል። ቁልፉ ከኋላ ስለሆነ፣ እጇም ስለማይደርስ ይዘገይባታል። እኔ ልግባና ላስርላት ስል፣ «አንቺ መሰላሉን ያዢለት፣ የሰው ልጅ እንዳይወድቅ» አለችኝ። የሰው ልጅ ነው ያለችህ።

ቆይ… ያ የቁልፍ ድምፅ ነው? የመኪና ቁልፍ ነው። በጓሮ በር ወጣ። ከመሰላሉ ሥር አያልፍም፣ አዋቂ ነው፤ ዕቃ ከላይ ሊወድቅ ይችላል። ስብሰባ ይዞት ይሆናል። ሳይነግራት መሄዱ ደግሞ ልብስ እየቀየረች ስለሆነ ነው። የሴት ልብስ መቀየሪያ አይንኳኳም፣ ነውር ነው። አስተዳደጉ ነው። ማን እንዳሳደገው ታውቃለህ።

መኪናዋ ተነሳች። ትሂድ። ከመጋዘኑም ሆኖ ቢሆን ሥራህ ማለቁን ያያል፤ ስልኩ ላይ ይመጣለታል አላልክም?

እንዲያውም ልጠይቅህ። አስቀድመህ ገመዱን ሰክተህ አሁን ያሰርከው፣ ይሄ ቀይ መብራቱ የበራው፣ ሥራ ጀምሯል? ብሎኑን ከአፍህ ማውጣት አያስፈልግም፣ ጭንቅላትህን ነቅንቅልኝ… ጀምሯል። ድምፅስ ይይዛል?… ይይዛል። ከዚህ ከቆምኩበት?… ከዚህም። ከመቼ ጀምሮ?… ሻዩን ነው የምትጠቁመኝ? ኧረ ተው። ሻይህን ሳስቀምጥልህ ጀምሮ? እስከ ድመቷ፣ እስከ ጆጉ፣ እስከ ጉልበቷ ድረስ? ወይ ጉድ። እንግዲያ እንዴት ያለ ንቁ ዕቃ ነው ያመጣህልን። ለሱ አልነግረውም ብዬ ምዬ ነበር እኮ። ለካሜራ እንዳትነግሪ ግን ያለኝ የለም።

እህቴም ወጣች። እያት፣ እንዴት አምሮባታል። ቁልፉን ራሷ ቆልፋዋለች፣ አንዱን ዘልላ። ከሥሩ እንድትቆም ትንሽ ፈቀቅ በልላት። ከልማድ ነው እንጂ ይሄኛው አያልቅበትም፣ ነግረሃታል። ሳሎን ሳሎኑን እያየች ነው። ወደ ደንቆሮው ጆሮዋ በኩል ስለሆንኩ አትሰማኝም፤ ስለዚህ ምርቃቴን እዚሁ ልጨርስ። በምርቃት የተጀመረ ቤት በምርቃት ነው የሚዘጋው። አንተም አሜን በል።

እግዜር ለእናቱ ያሰበ ልጅ ነውና ያስብለት። ዕድሜ ይስጠው፤ እህቴ የደረሰችበት ዕድሜ ላይ ያድርሰው። የራሱ ደጃፍ፣ ደረጃ ያለው ደጃፍ፣ በሩ ጥግም የሚያጠጣው አበባ አይጣ። ልጁ እሱን ይምሰል፤ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀው፣ እሱ እናቱን በጦረበት እጅ ይጡረው። ካሜራውንም ከሁሉ የበለጠውን፣ ገመድ ያለውን ይስቀልለት… እስከ ዕለተ ሞቱ አንድ ቀን እንኳ ኃይል አያልቅበት።